ድንቡሼ ነኝ

በሰፈራችን በር የሚከፈተው በሩ ላይ ያለው የኮምፒዩተር ማጣሪያ ንጹሕ ነው ላለው ስም ብቻ ነው። የኮምፒዩተር ቫይረስ በበሩ የገባበት ቤት ባለቤቱ ላይ ይቆለፋል፤ የታችኛው ግቢ ሰዎች እስካሁን አልወጡም። ስለዚህ ሌባ በስሙ ቫይረስ የላከበት ሰው ስሙ ይታገዳል፤ በሩም «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ይለዋል። የጎረቤቴ የእትዬ አልታዬ ልጅ ይርጋ እንዲህ ሆኖ እናቱ ደጅ ላይ ቀረ።

እትዬ አልታዬ ግን ዘዴኛ ናቸው። ለበሩ የልጃቸውን የቤት ስም አስተማሩት፤ ይርጋም «ድንቡሼ ነኝ» እያለ ይገባ ጀመር።

ዛሬ እሳቸው ቤት ሦስታችን እራት ላይ ሳለን ቀለድኩባቸው።

«እትዬ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ሰው ድንቡሼ ይባላል?»

«ምን አገባህ አንተ፤ ያወጣሁለት እኔ ነኝ።»

«ግቢው ሁሉ እየሰማ እኮ ነው የሚጠሩት።»

«ይስማ። ስም ለመጠራት አይደል?»

ይርጋ እየሳቀ ጎረሰ። ይሄኔ በሩ ተንኳኳ።

«እማዬ፣ ድንቡሼ ነኝ» አለ የይርጋ ድምፅ፣ ከውጭ።

ይርጋ ጉርሻውን ሳይውጥ ደርቆ ቀረ። እትዬ አልታዬ እጁን ጭምቅ አድርገው ያዙና «አትክፈት» አሉት በሩን፣ በሹክሹክታ።

በሩ ግን ስሙን ያውቀዋል። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ድንቡሼ» ብሎ ተከፈተ።

ደጁ ላይ ማንም አልነበረም። በሩ መልሶ ተዘጋና ቁልፉ ሲዞር ሰማን።