ፀሐይ ስትጠልቅ የምትመጣው ሴትዮ

በነሐሴ መጨረሻ፣ የሜዳው ሣር መዳብ ሲመስል፣ የአርዲስ ቲቬት ጥጆች መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዲት፣ ቀጥሎ ሁለት። አጥሩ አልተቆረጠም። በሩም እንደተቆለፈ ነው።

አርዲስ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከብቶቿን የምትጠብቀው ከታናሽ ወንድሟ ከኦርቪል ጋር ነው። መሬቱን አባታቸው ለሁለቱም ትቶላቸዋል። ኦርቪል ከመንገዱ ማዶ ይኖራል፤ ጠዋት ጠዋት እሷ ዘንድ ቁርሱን በልቶ ወደ ሥራ ይወጣል።

«ሴትዮዋ ትናንትም መጥታ ነበር» አላት አንድ ቀን፣ እንቁላሉን እየቆረጠ።

«የቷ ሴትዮ?»

«ያቺ ካሜራ የያዘችው። መኪናዋን ከኮረብታው ሥር ታቆምና በእግረኛው መንገድ ትወጣለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ አነሳለሁ ነው የምትለው አሉ።»

«ታንሳ። መንገዱ የሕዝብ ነው።»

«ፀሐይ እንደሆነች አንድ ናት፣ አርዲስ። ስንት ጊዜ ነው የምትነሳው? ደግሞ ከዚያ ላይ የሚታየው ፀሐይ ብቻ አይደለም። ኩሬው ይታያል። ጥጆቹ የሚያድሩበት ይታያል።»

አርዲስ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ፖሊስ ልጥራ እንግዲህ።»

«እነሱ መጥተው፣ ጠይቀው፣ ጽፈው እስኪጨርሱ ሌባው ካናዳ ይገባል። ለኔ ተይልኝ።»

«እኔም አብሬህ ልውጣ።»

«በዚያ ጉልበትሽ?»

አርዲስ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «እንዲህ ከቀጠለ ሁሉንም ሸጬ ልጄ ዘንድ መግባቴ ነው» አለች።

«አስቢበት። ማንም አይፈርድብሽም።»

የዚያን ቀን ማታ ኦርቪል ኮረብታው ጫፍ ካለው ድንጋይ ጀርባ ተቀምጦ ጠበቀ። ሴትዮዋ መጣች። ስድሳ የሚሆናት፣ ቀጭን፣ የወንድ ባርኔጣ ያደረገች። የካሜራውን ማቆሚያ ነፋሱ እንዳይጥለው በድንጋይ አስደገፈችና ጎንበስ አለች። ከሥሯ ሜዳው ዳር ድረስ ቀልቶ ነበር።

«እንደምን አመሹ» አላት ከኋላዋ።

ዘወር ብላ ካሜራውን በእጇ ሸፈነችው። «አስደነገጡኝ።»

«የዚህ አገር ሰው ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማታ ማታ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«እንደሚያዩት ነው።»

«ለማን ነው ፎቶው?»

«ለእህቴ። ሆስፒታል ተኝታለች። መስኮቷ የሚያሳያት የጎረቤቱን ግድግዳ ብቻ ነው። ያደገችው እዚህ አካባቢ ስለሆነ…» ጨርሳ አልተናገረችም። ዓይኑንም አላየችውም።

«ጥሩ ወሬ ነው» አለ ኦርቪል። «እስቲ ያሳዩኝ።»

አመነታች፤ ግን ኮረብታው ላይ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም። ካሜራውን ሰጠችው። ኦርቪል መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ ተመለከተ። ኩሬው፣ የተኙት ጥጆች፣ አጥሩ፣ አጥሩ ሥር ተጎታች አስሮ የቆመ መኪና፣ ከሁሉም በላይ እንደ ፍም የቀላ ሰማይ። አንዳንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ።

«አጥፊያቸው» አላት፤ «እርስዎ» ማለቱን ተወው።

«እባክዎ፣ እኔ ያነሳሁት ሰማዩን ነው።»

«ከሰማዩ በታች ያለው መሬት የኛ ነው። ጥጃ እየጠፋብን ነው። ይሄን ያየ ሁሉ ከብቶቻችን የት እንደሚያድሩ አወቀ ማለት ነው። ፖሊስ ቢያየው ደግሞ አንቺን ምን እንደሚልሽ አንቺው ገምቺ።»

ካሜራውን መልሳ ተቀብላ ማጥፋት ጀመረች። መጨረሻ ላይ ቀና ብላ፣ «አንዷን ብቻ ልተዋት? ለእሷ» አለችው።

ኦርቪል «አይሆንም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እሷም አጠፋቻት። ማቆሚያውን አጣጥፋ ወረደች፤ እሱም የመኪናዋ አቧራ እስኪጠፋ ቆሞ አያት።

አርዲስ በረንዳ ላይ ስትጠብቀው አገኛት።

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች? እህቴ ታማለች ምናምን። ሁለተኛ አትመጣም።»

«እርግጠኛ ነህ እሷ ናት?»

«ፎቶዎቹን በዓይኔ አይቻለሁ። ያላነሳችው አንድም ጥጃ የለም።»

አርዲስ ትከሻዋ ረገብ አለ። ከምድጃው ሥጋና ድንች አውጥታ አቀረበችለት፤ ፊት ለፊቱም ተቀመጠች።

«እንቅልፍ ካየሁ ቆየሁ» አለችው። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

«ብዪ አንቺም» አላት፤ ከሳህኑ ግን ቀና አላለም።

በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ኮረብታው ላይ ማንም አልነበረም። ኦርቪል የአጥሩን ቁልፍ ከፈተ፣ መኪናውን በኋላ ማርሽ ወደ ኩሬው አስጠጋ፣ የተጎታቹን በር አወረደ፤ ሁለት ጥጆች ሲያዩት እየሮጡ መጡ።