አሥራ አራተኛው ጥያቄ

«የሞተ ሰው ድምፅ ሰምተው ወይም መልኩን አይተው ያውቃሉ?» ብላ ምስጢር አሥራ አራተኛውን ጥያቄ አነበበች። «በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ።»

እማማ ወለተሩፋኤል ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ውጭ የክረምቱ ጉም የቁስቋምን ዳገት ሸፍኖታል፤ ሰዎች መልካቸው ሳይታይ እያወሩ ያልፋሉ።

ምስጢር የሥነ ልቦና ተማሪ ናት፤ የመመረቂያ ጥናቷ የትዳር ጓደኛቸው ስለሞተባቸው አረጋውያን ነው። መጠይቅ ስታስሞላ ፊቷ ላይ ምንም እንዳይነበብ፣ ተጠያቂውንም ወደ አንድ መልስ እንዳትገፋ ተምራለች። ዛሬ አራት ቤት ገብታ እንዲሁ አድርጋ ወጥታለች።

«ሁልጊዜ» አሉ እማማ ወለተሩፋኤል። «ባለቤቴ መሪጌታ ይመጣሉ። ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። የሠርክ ደወል ሲደወል በሩ ላይ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እሰማለሁ። ከዚያ እዚህ ጎኔ ይቀመጣሉ። አንነጋገርም። አንዳንድ ቀን ብቻ ዜማ ያንጎራጉራሉ፤ ያው እንደ ድሯቸው፣ በአፍንጫቸው።»

ምስጢር ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ስታወርድ እጇን ያዟት።

«ቆይ እስቲ ልጄ። ይህን ብትጽፊው ሐኪም ቤት ይወስዱኛል? መድኃኒት ሰጥተው እሳቸውን ያስቀሩብኛል?»

«ኧረ የለም፣ እማማ።»

«ልጆቼ ከሰሙ አበደች ብለው ጸበል ለጸበል ያዞሩኛል። ለእኔው አስበው ነው። እኔ ግን መሪጌታ እንዲቀሩብኝ አልፈልግም። የሚያስቀሩብኝ ከሆነ ‹በጭራሽ› ብለሽ ጻፊ።»

ምስጢር እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ስምዎ እዚህ የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። እርስዎ ሃያ ሦስት ነዎት። ልጆችዎም አያዩትም። ካልፈለጉ ጥያቄውን እንዝለለው፤ ጨርሶ ማቆምም ይችላሉ፣ ማንም አይቀየምዎትም።» ከዚህ በላይ መናገር አልነበረባትም። ግን አሮጊቷ እጇን ገና አልለቀቋትም ነበር። «ደግሞ ብቻዎን አይደሉም። የሚወዱት ሰው የሞተባቸው ብዙዎች ያዩታል፣ ይሰሙታል። እብደት አይደለም።»

«ብዙ ሰው?»

«ብዙ።»

እማማ ወለተሩፋኤል በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሀል ላይ ተሰበረ። «ሦስት ዓመት ሙሉ! ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተነፈስኩም። እንግዲያ ‹ሁልጊዜ› ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች።

«አንቺስ ልጄ? ላንቺ ማን ይመጣል?»

ይህ ጥያቄ መጠይቁ ላይ የለም። ምስጢር «እኔ ጠያቂ ነኝ» ልትል ነበር አፏን የከፈተችው።

«እናቴ» አለች። «አዘዞ ታክሲ ስጠብቅ። ከኋላዬ መጥታ የሹራቤን አንገትጌ ታስተካክልልኛለች። ጣቷ ሲነካኝ ይታወቀኛል። ዞር ስል የለችም።»

ለማንም ነግራ አታውቅም። ለአባቷም።

«ምነው ታዲያ ትዞሪያለሽ?» አሉ እማማ ወለተሩፋኤል በለሆሳስ። «ተያት፣ ታስተካክልልሽ።»

አሥራ አምስተኛው ጥያቄ ስለ እንቅልፍ ነበር። ምስጢር ልታነበው አጎነበሰች፤ ፊደሎቹ ደበዘዙባት። አሮጊቷ ወረቀቱን ከጭኗ ላይ በቀስታ አንስተው መሬት አኖሩትና፣ ጭንቅላቷን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉት።