የነቀለችው ድምፅ

ፀጉር ሠሪዋ ሞጁላር ሲንተሳይዘር መማር የጀመረችው አባቷ በሞቱ በዓመቱ ነው። ዕቃው በማዞሪያና በቀዳዳ የተሞላ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሙዚቃ ሳጥን ነው፤ ቀዳዳዎቹን በገመድ እያገናኘች የራሷን ድምፅ ትሠራበታለች።

"ገመዱን ከነቀልሽው ድምፁ አበቃለት" ብሏታል አስተማሪዋ። "ይሄ ሳጥን ምንም አያስታውስም።"

የወደደችለትም ይህንኑ ነው። አባቷ አንድ ቀን እንኳ "ጎሽ" ብለዋት አያውቁም። የቤት ሥራዋን ብታሳያቸው፣ ወለሉን ብታጥብላቸው፣ ጉሮሯቸውን ሁለቴ ጠረግ ጠረግ ያደርጉና "ድገሚው" ይሏታል። ሞት ራሱ ሲመጣባቸው "ድገመው" ሳይሉት አልቀሩም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እልህ ይዟት፣ ያንን የጉሮሮ ጠረጋ ሠራችው። ከሳጥኑ ሻካራ ሹክሹክታ አወጣች፤ ሁለቴ ከፈት ዘጋ እንዲል አደረገችው፤ ቁርጥ እሳቸውን መሰለ። እየደጋገመች አስጠረገቻቸው። አንጀቷ ቅቤ ሲጠጣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ሶኬቱንም ነቅላ ጠቀለለችው።

ሳጥኑ ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ።

የተጠቀለለው ገመድ እጇ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

በሩ ተከፈተ። እናቷ ናቸው። ጆሯቸው ከደነቆረ ዓመታት አልፈዋል፤ መብረቅ እንኳ አጠገባቸው ቢወድቅ አይሰሙም። እንደ ድሮው ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ሳጥኑን ሳይሆን እሷን አዩአት።

"ምን ይገትርሻል፣ ልጄ?" አሉ። "አባትሽ ድገሚው እያሉሽ አይደለም እንዴ?"