ጣት የምታህል ጠባሳ

ሐኪሙ የትርንጎን ባል የልብ ቫልቭ ሲቀይር ደረቱን አልከፈተም፤ ከጡቱ ሥር ጣት በምታህል ቀዳዳ ገብቶ ጨርሶ ወጣ። እሷንም "ቁስሉን ማንም እንዳይነካው" ብሎ አስጠነቀቃት።

ጠያቂ ግን ሳያይ አያምንም።

"ይቺ ናት ኦፕራሲዮን? ጭረት አይደለች እንዴ!"

ባሏ ፋሻውን እየገለጠ ያሳያል፤ ወጥ የነካው ያልታጠበ ጣት ሁሉ ይዳስሰዋል። አክስቱ እትዬ የሺመቤትማ ጎንበስ ብለው "እንትፍ! እንትፍ! እግዜር ይማርህ!" አሉበት። ምራቁ ቁስሉ ላይ ሲዝለገለግ አይታ ልትጠርገው ብትል፣ ባሏ እጇን መታ አደረጋት።

"ምርቃት ይጠረጋል?"

ሳይሰነብት ቁስሉ መገለ፤ ኢንፌክሽኑ አዲሱ ቫልቭ ድረስ ዘለቀ። ሐኪሞቹ አማራጭ ሲያጡ ደረቱን ለሁለት ሰንጥቀው ሌላ ተኩለት። በስንት መከራ ተረፈ።

ቤቱ በገባ ማግስት እነዚያው ጠያቂዎች መጡ። ትርንጎ "ተኝቷል" ብላ በር ላይ ልትመልሳቸው ስትል፣ እሱ ከውስጥ "ኧረ ግቡ!" ብሎ ተጣራ። ሸሚዙንም ከፈተ። ስፌቱ ከአንገቱ ሥር ተነስቶ ደረቱን አቋርጦ ወርዷል።

እትዬ የሺመቤት አይተው አይተው በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሰይ! አሁን ገና ኦፕራሲዮን ሆነ" አሉና፣ ጎንበስ ብለው ምራቃቸውን ያጠራቅሙ ጀመር።