ቆርጦ መጠበቅ

ሽታሁን ሦስተኛውን መስመር ቆረጠና ጆሮውን ወደ በሩ ጣለ። የሚሮጥ እግር የለም፤ የሚጣራም የለም።

ኮምፒውተሩ ላይ የጤና ጣቢያው ኔትወርክ አድራሻ የሰጣቸው መሣሪያዎች ተደርድረዋል። ሰርቨሩ ለመጣ ሁሉ አድራሻ ያድላል፤ የመጣውም በምላሹ ስሙን ይነግረዋል። ሦስቱ ግን አድራሻቸውን ተቀብለው፣ ስማቸውን ሳይናገሩ ቁጭ ብለዋል፤ የስማቸው ቦታ ባዶ ነው። ኃላፊው አቶ ደምለው ደግሞ ኢንተርኔቱ በተንቀራፈፈ ቁጥር ሌባ የገባ ይመስላቸዋል። ጠዋት "ስም የሌለውን ሁሉ ቁረጥ" ብለው ለስብሰባ ደብረ ወርቅ ሄደዋል።

ሽታሁን ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ ነው። ያስተማረው ሰው ባለቤቱ ላልታወቀ መሣሪያ አንድ መላ ነበረው፤ ቁረጠውና ጠብቅ፣ ባለቤቱ ራሱ እየጮኸ ይመጣል። እውነትም የመጀመሪያው እንደተቆረጠ፣ ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣው የላቦራቶሪው እዮብ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ "ማነው የነካካው!" እያለ ደረሰ። ስሙ ተሞላለትና ተመለሰ። የሁለቱ ባለቤቶች ግን እስካሁን ድምፃቸው አልተሰማም።

የካርድ ክፍሏ ወይዘሮ አስናቀች በኮሪደሩ ሲያልፉ አያቸው።

"እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?"

ነጠላቸውን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዙረው ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ አለፉት።

"እትዬ አስናቀች! ምን አጠፋሁ?"

ቆሙ። "ምንም። እጅና እግሩን የቆረጡት ሰው ምን ይላል? ከጠዋት ጀምሬ ካርዱን በእጄ እየጻፍሁ ነው።"

"የእርስዎ ነው እንዴ! ታዲያ መጥተው አይነግሩኝም?"

"እኔ? ደጅ ልጠናህ? ቆራጩ ያውቃል ብዬ ተቀመጥሁ።"

ሽታሁን ሳቁ መጣበትና ዋጠው። ያ አስተማሪው ጎጃምን አያውቀውም ማለት ነው። እዚህ አገር የተነካ ሰው አይጮህም፤ ያኮርፋል። ካኮረፈ ደግሞ ክረምትና በጋ ቢፈራረቅበት ንቅንቅ አይልም።

"ይቅርታ እትዬ፣ አሁኑኑ እከፍትልዎታለሁ።"

"የእኔስ ግድ የለም። ያችን የፋርማሲ ልጅ ግን ምን ብላህ ነው? የዝውውር ማመልከቻው ዛሬ ማታ ይዘጋል። ቆርጠህባት እንባዋን ይዛ ተቀምጣለች። እንዳትሄድ ብለህ ከሆነ፣ ወንድ ልጅ እንዲህ አያደርግም።"

ይህን ብለው ሄዱ። ሽታሁን ባለበት ደርቆ ቀረ።

የፋርማሲዋ ልጅ ወይንእሸት ናት፤ የሚወዳት ሴት። ሞጣ ላሉት አባቷ ሽማግሌ እልካለሁ ሲላት ዓመት አለፈው። አንዴ ጾሙ ይፈታ አለ፤ አንዴ ትንሽ እጄ ይፍታታ አለ። በመጨረሻ "እንግዲያው አገሬ ልግባ" አለችው። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነውና አኮረፈ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

የወይዘሮ አስናቀችን ከፈተ። በሦስተኛው ላይ ግን እጁ ዘገየ። እስከ ማታ እንዲሁ ቢተወው ማን ይጠይቀዋል? ትእዛዙ የአቶ ደምለው ነው። ማመልከቻው ይዘጋል፤ እሷም ትቀራለች። ክፉ ሐሳብ መሆኑን እያወቀ ጣፈጠው። ከዚያ በራሱ አፈረና ተነሣ።

ፋርማሲው መስኮት ላይ ሰልፍ ነበር። በውስጥ በር ገባ፤ ወይንእሸት ቀና ብላም አላየችው።

"ማሽኑን ልየው?"

"እየው። የመንግሥት ንብረት ነው።"

የማሽኑን ስም አወጣው። "ወይንእሸት" ይላል፣ በአማርኛ ፊደል ተጽፎ።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"ስም ስጪኝ አለኝ፤ ስሜን ሰጠሁት።"

"ሰርቨራችን የሚቀበለው የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ሌላውን ዝም ብሎ ይጥለዋል። እመብርሃንን! ያንቺ መሆኑን አላወቅሁም።"

ስሟን በላቲን ጻፈና ማሽኑን አጥፍቶ አስነሣው። ሽታሁን በስልኩ መስመሩን ከፈተ፤ ባዶው ቦታም በስሟ ተሞላ። ማመልከቻዋ ስክሪኑ ላይ መጣ። የሚሞላው ሁሉ ተሞልቷል፣ የምትሄድበትም ሞጣ ተብሏል፤ የቀረው "ላክ" የሚለውን መጫን ነው።

"ተከፍቷል" አላት።

"አየሁት።"

ወጣ። ወደ ክፍሉ መሄጃው በሰልፈኞቹ መካከል ነው። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ እምቢ አለው። እጇ ማውሱ ላይ ነበር።

"አትሂጂ!"

ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኾ ወጣ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። የእዮብ ራስ እንኳ ከላቦራቶሪው በር ብቅ አለ።

"ወይንእሸት፣ አትሂጂ። ለእሑድ ሽማግሌ እልካለሁ። አባትሽ ለእሱ አልሰጥም ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነው እንጂ፣ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው። ፈርቼ ነው!"

ከሰልፉ ፊት የቆሙት አዛውንት በምርኩዛቸው ተደግፈው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ሽማግሌ ከጎደለህ እኔም አለሁ" አሉት። "ብቻ መጀመሪያ መድኃኒቴን ልቀበል።"

ሰው ሳቀ። ወይንእሸት አልሳቀችም። እጇን ከማውሱ አነሣች። ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ጎንበስ ብላ የኔትወርኩን ገመድ በገዛ እጇ ነቀለችው፤ ከዚያ የአዛውንቱን ወረቀት ተቀበለች።