አሥራ ዘጠኝ ሜትር

ውድነሽ በጉባ አዲሱ ሐይቅ ላይ የዓሣ ተመራማሪ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት በጋሽ ኻሚስ ጀልባ ትወጣና የውሃ ናሙና ከመቅዳቷ በፊት ጥልቀቱን ትለካለች። መለኪያዋ በየሜትሩ ቀለም የተቀባ፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ስልሳ ሜትር ነበር። በሳምንቱ ሃምሳ፣ ከዚያ አርባ ሆነ። ሐይቁ ግን አልጎደለም። ለአለቃዋ ብትደውል «ቁጥር ከጭንቅላትሽ አትፍጠሪ፤ ሌላ ሰው እንተካለን» ብሎ ስልኩን ዘጋባት።

ዛሬ ብረቱ አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

«ደለል ይሆን?» አለች።

«ደለል እንዲህ አይቸኩልም» አሉ ጋሽ ኻሚስ።

ራቅ ብለው ለኩ፤ አሥራ ዘጠኝ። ከሁሉም ጥልቅ ነው ወደሚባለው ወደ መሀል ሄዱ፤ እዚያም አሥራ ዘጠኝ። ጥቂት ክንድ ርቆ ከራሱ ጀልባ ላይ መረብ የሚጥለው አብዱልረሂም እንዲለካላት ገመዱን አቀበለችው። እስከ መጨረሻው ለቀቀው።

«መሬት የለም፤ ገመዱ አለቀ» አለና መለሰላት።

ውድነሽ ብረቱን ከራሳቸው ጀልባ ሥር ለቀቀችው። አሥራ አንድ ላይ አረፈ።

«ጋሽ ኻሚስ፣ ሞተሩን ያስነሱ» አለች በቀስታ።

ሽማግሌው እጃቸውን ከሞተሩ ላይ አነሱ።

«ከሥራችን ያለው ነገር ድምፁን ይሰማል» አሉ።

ገመዱ መዳፏ ላይ ላላ። የላላውን ሰበሰበች፤ ብረቱ አሁን ዘጠኝ ሜትር ላይ ነው። እንደገና ላላ።