ፊታቸውን ወደ ግድግዳ

የሬስሊንግ አሻንጉሊቶቼን የምደረድረው ሳሎን ውስጥ፣ ለሶላት ፊት በሚዞርበት በቂብላው በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። ከማሸጊያቸው ያወጣኋቸው ከፊት ይቆማሉ። አንዱን ግን ዋጋው እንዳይወርድ ብዬ አልከፈትኩትም፤ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደታሰረ ከነካርቶኑ አለ።

እናቴ ልትሰግድ ስትል «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ፊታቸውን አዙርልኝ፤ እያዩኝ አልሰግድም» ትለኝ ነበር። የቆሙትን ወደ ግድግዳው አዞርላታለሁ። የታሸገው ግን የካርቶኑ ጀርባም ፎቶ ስላለበት እሱን በሻሿ ትሸፍነዋለች።

እሷን ከቀበርን ወዲህ ሳሎን የሚሰግድ የለም። እኔም ማዞሩን ተውኩት፤ ሌላም ብዙ ነገር ተውኩ።

ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት አዛን በኋላ ስገባ ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞረዋል።

«አንቺ ነሽ ያዞርሻቸው?» አልኳት እህቴን ሪሀናን።

«ወላሂ አንዋር፣ ከጨፋ ሮቢት ገና አሁን መግባቴ ነው» አለች፣ ፌስታሏን እንደያዘች።

የታሸገውን ከቆምኩበት አየሁት። ፕላስቲኩ አልተቀደደም። ውስጡ ያለው ሰውዬ ግን ጀርባውን ሰጥቶናል።

ሪሀና ልታነሳው ወደ መደርደሪያው ስትራመድ ክንዷን ያዝኳት።

«ቆይ፣ እስክትጨርስ» አልኳት። «በሰጋጅ ፊት አይታለፍም።»